መኪናውን ለምን ጎተቱት? የበረዶ ጠረጋ ጥያቄዎቻችሁ

ለዚህ እትም ከአዳማ የተላኩልንን ጥያቄዎች አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል። ጠያቂዎቹ ሙቀትና ነፋስ ባለበት ከተማ ተቀምጠው የሚጠይቁት ስለ በረዶ ነው። አይገርምም፤ ልጅ ወይም ወንድም ባሕር ማዶ የሌለው ቤት ስንት ነው?

ወደ መልሱ ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገር እናጥራ። እኛ በረዶ የምንለው ብዙ ጊዜ ከዝናብ ጋር ቆርቆሮ እየደበደበ የሚወርደውን ጠጠር ነው። በሰሜን አሜሪካ መንገድ የሚዘጋው ግን እንደ ባዘቶ እየተንሳፈፈ የሚወርደው፣ ዳዊት የደገመ ሰው አመዳይ ብሎ የሚያውቀው ነው። ልጆቹ በስልክ «በረዶ» ስለሚሉት እኛም እንደነሱ እንላለን። ሁለተኛ፣ የእነሱ ክረምት የሚውለው በእኛ በጋ ነው። አዳማ ላይ ጥር አቧራው ሲጨስ እዚያ አካፋ ይፈለጋል።

«አሜሪካ ያለው ልጄ በረዶ ሊጥል ነው ሲባል መኪናውን ከዋናው መንገድ አንስቶ ሰፈር ውስጥ አቆማት። በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ ግን የለችም። ሌባ መስሎት ፖሊስ ጋ ሲደውል ለበረዶ ጠረጋ ተጎትታለች አሉት። መኪናዋን ከሚጎትቱ ዙሪያዋን ጠርገው ቢያልፉ ምን ነበረበት?» እናት፣ ከአዳማ ፍራንኮ አካባቢ

እናታችን፣ ዙሪያዋን መጥረግ አይቻልም፤ ምክንያቱ ማሽኑ ነው። ከጠራጊው መኪና ፊት የሚገጠመው ብሌድ ስፋቱ ከ3 ሜትር ይበልጣል። አሠራሩ እንደ ግሬደር ነው፤ በረዶውን እየላገ ወደ ቀኝ ዳር ይገፋል። ዳር ላይ መኪና ከቆመ ሹፌሩ ወደ መሀል ይሸሻል፣ የተገፋውም በረዶ በቆመችው መኪና ጎን ይከመራል። ሌሊቱን ክምሩ ይጠጥራል። በማግስቱ መኪናዋ ብትነሳም ክምሩ እንደ ግንብ ቆሞ ይቀራል፣ ቀጣዩ ጠራጊም ከግንቡ ወዲህ ነው የሚያልፈው። እንዲህ እያለ መንገዱ በየዙሩ ይጠባል፤ ክረምቱ ሳያልቅ የእሳት አደጋ መኪና የማያሳልፍ ይሆናል።

ክብደቱንም ይገምቱት። 3.5 ሜትር ስፋት ባለው አንድ የመኪና መስመር ላይ 10 ሳንቲ ሜትር በረዶ ቢተኛ፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ርዝመት 350 ሜትር ኩብ ይሆናል። አዲስ የወረደ በረዶ በሜትር ኩብ 100 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ያ 350 ኩንታል ነው፤ በከተማችሁ አልፎ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ባለ ተሳቢ መኪና የሚችለውን ጭነት ሊያህል ምንም አይቀረው። ይህ ገና ለአንድ መስመርና ለአንድ ኪሎ ሜትር ነው።

ደንቡ ከከተማ ከተማ ይለያያል። ለምሳሌ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ያለችውን ሚኒያፖሊስን እንውሰድ። ከተማው የበረዶ አስቸኳይ ጊዜ ሲያውጅ ሥራው ሦስት ቀን ይይዛል። በመጀመሪያው ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር) ቀይ ምልክት በተተከለባቸው ዋና ዋና መንገዶች በሁለቱም ዳር ማቆም ክልክል ነው። በሁለተኛው ቀን ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት በሰፈር መንገዶች የቤት ቁጥራቸው ሙሉ ቁጥር በሆነው ወገን፣ ማለትም 2፣ 4፣ 6 በሚለው በኩል አይቆምም። በሦስተኛው ቀን በዚያው ሰዓት ተራው የጎደሎ ቁጥሩ ወገን ነው። አንድ መንገድ እስከ ጠርዙ ድረስ ሙሉ በሙሉ ከተጠረገ ግን ቀኑ ባያልቅም ማቆም ይቻላል።

ልጅዎ ያለበት ከተማ ደንብ እንዲህ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ቀን በትክክል አልፎታል። እንደ አነጋገርዎ የተያዘው በሁለተኛው ቀን ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ማታ ከዋናው መንገድ ያነሳት መኪና ጠዋት ደግሞ ሌላ ደንብ እንደሚጠብቃት አይታሰብም። አንዳንዱ ደግሞ ማሽኑ አንዴ በመሀል ሲያልፍ አይቶ «ተጠርጓል» ይላል። መሀሉ ተጠረገ ማለት ግን ጠርዙ ተጠረገ ማለት አይደለም። መኪናዋን ለማውጣት መንጃ ፈቃድና የባለቤትነት ወረቀት ይዞ ቶሎ መሄድ ነው፤ የማቆያ ክፍያ በየቀኑ እየተደመረ ይሄዳልና። ከዚያ በኋላ ለከተማው የስልክ መልእክት ማስጠንቀቂያ ይመዝገብ።

እግረ መንገዳችንን፦ ይህ ጉዳይ ከንቲባም ያወርዳል። ቺካጎ ውስጥ እ.ኤ.አ. በጥር 1979 ከባድ በረዶ ወርዶ ከተማው ሳይጠረግ ቆየ። በቀጣዩ ወር በተካሄደው የፓርቲ ምርጫ ከንቲባ ማይክል ቢላንዲክ በጄን ባይርን ተሸነፉ።

«ለምን ጨው? ስኳርም እኮ ይሟሟል። የአፍዴራ ጨውስ ለዚህ ይሆናል?» የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ አዳማ

ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ ስኳርም የውሃን መቀዝቀዣ ነጥብ ዝቅ ያደርጋል። ወሳኙ በውሃው ውስጥ የሚበተነው ቅንጣት ብዛት ነው። ጨው ሲሟሟ እያንዳንዱ አሃዱ ለሁለት ይከፈላል፣ ሶዲየምና ክሎራይድ። የስኳር ሞለኪውል ግን አይከፈልም፤ በዚያ ላይ ከጨው አሃድ 6 እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ጨው ከአንድ ኪሎ ስኳር 12 እጥፍ ገደማ ቅንጣት ይሰጣል። የስኳር ዋጋ ደግሞ አንተ ከእኛ የተሻለ ታውቀዋለህ።

ቤት ውስጥ ሞክረው። በ770 ሚሊ ሊትር ውሃ 230 ግራም ጨው ሟሟ እስኪል አማስለህ፣ ከሌላ ንጹሕ ውሃ ጋር ፍሪዘር ውስጥ አሳድረው። ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ከሆነ ንጹሑ ውሃ ደንጋይ ሲሆን የጨዉ ውሃ አይረጋም፤ 23.3 በመቶ ጨው ያለው ውሃ የሚረጋው ከዜሮ በታች 21 ዲግሪ ላይ ነውና። ጨዉን ከዚያ በላይ ብትጨምረው ይሻላል እንዳትል፤ ከ23.3 በመቶ ካለፈ የሚረጋበት ነጥብ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። የመንገድ ሠራተኞች የጨው ውሃቸውን በዚሁ መጠን የሚበጠብጡት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ጨው በረዶውን ሁሉ ለማቅለጥ እንደሚበተን አድርገህ አታስብ። ያን ሁሉ የሚያቀልጥ ጨው የትም አይገኝም። ሥራው በረዶው ከአስፋልቱ ጋር እንዳይጣበቅ ማድረግ ነው፤ ካልተጣበቀ ብሌዱ ልጦ ያነሳዋል። ስለዚህ ጎበዝ ከተማ በረዶው ከመውረዱ በፊት፣ አንዳንዴ ከአንድ ቀን በፊት፣ የጨው ውሃ በመንገዱ ላይ በቀጭን መስመር ያፈሳል። ለአንድ መስመር በኪሎ ሜትር 100 ሊትር ገደማ ይበቃል። አስቀድሞ የጨው ውሃ ባልፈሰሰበት መንገድ ላይ በረዶው በመኪና ጎማ ተረግጦ ከጠጠረ ግን የሚፈጀው ጨው በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

ደረቁ ጨው ደግሞ በኪሎ ሜትር ለአንድ መስመር ከ30 እስከ 85 ኪሎ ነው፤ ብዙ ሰው ከሚገምተው እጅግ ያንሳል። ሲበተን እንደ ባቄላ እየነጠረ ከመንገድ እንዳይወጣ በሚሽከረከረው ሳህን ላይ በጨው ውሃ ያርሱታል። ብርዱ ሲበረታ ጉልበቱ ያልቃል። ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ላይ አንድ ኪሎ ጨው 46 ኪሎ ገደማ በረዶ ያቀልጣል። ከዜሮ በታች 7 ላይ ወደ 9 ኪሎ ይወርዳል፣ ከዜሮ በታች 12 ላይ 5 ኪሎም አይሞላ። ከዚያ በታች ካልሲየም ክሎራይድ ይቀላቅላሉ፣ አለዚያም ጨዉን ትተው አሸዋ ይበትናሉ። አሸዋ ምንም አያቀልጥም፤ ጎማ እንዲቆነጥጥ ብቻ ይረዳል፣ በጸደይ ደግሞ የውሃ መውረጃውን ይደፍናል። የሚለካውም የአየሩ ሳይሆን የአስፋልቱ ሙቀት ነው። ድልድይ ቀድሞ የሚረጋው ከሥሩም ነፋስ ስለሚያልፍበት ነው።

የአፍዴራ ጨው? ያው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፣ ይሠራል። አዮዲን መጨመሩ ለመንገድ ምንም አያመጣም። ጨዉ ግን በነጻ አይገኝም፤ የመኪና ሥርና የድልድይ ፌሮ ይበላል፣ ቀልጦም ወደ ሐይቅ ይገባል። የሚኒሶታ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች ለሕዝብ የሚያስተምሩት ልኬት ግልጽ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 19 ሊትር ገደማ ውሃ ይበክላል፣ የገባው ጨው ደግሞ ተመልሶ አይወጣም።

«በሲኖትራክ ጅቡቲ መስመር እሠራለሁ። ዲቪ ደርሶኛል። ወንድሜ በክረምት የበረዶ መኪና መንዳት ጥሩ ይከፍላል ይለኛል። ከባድ መኪና ለለመደ ሰው ምን አዲስ ነገር አለው?» ሹፌር፣ አዳማ

መጀመሪያ ፈቃዱ። የአገር ቤቱ መንጃ ፈቃድ ለዚህ ሥራ አያገለግልም። አጠቃላይ ክብደቱ 11.8 ቶን ገደማና ከዚያ በላይ የተመዘገበ መኪና ለመንዳት የንግድ መንጃ ፈቃድ፣ ቢያንስ ክላስ ቢ፣ ያስፈልጋል። የአየር ፍሬን ፈተናም አለው። የእርስዎ ልምድ እዚያ ላይ ይጠቅምዎታል። ሥራው ብዙ ጊዜ የክረምት ብቻ አይደለም፤ በበጋ አስፋልት የሚጭነው ገልባጭ ነው በክረምት ብሌድ የሚገጠምለት።

አዲስ የሚሆንብዎት የፊቱ ክብደት ነው። ብሌዱ ወደ ቀኝ ዞሮ በረዶ ሲገፋ፣ በረዶው ደግሞ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ግራ ይገፋል፤ መሪው ያለማቋረጥ ይከራከርዎታል። የኋላ ጎማ መንገድ የሚቆነጥጠው በጫኑት ጨው ክብደት ነው። ጨዉ እያለቀ ሲሄድ መኪናው እየቀለለ ይንሸራተታል፤ መጀመሪያው ዙር ላይ የተማመኑበት ፍሬን በመጨረሻው ዙር ላይ ያው አይደለም።

የብሌዱ የታችኛው ጠርዝ ጠንካራ የካርባይድ ብረት ነው፣ ሲያልቅ ተፈትቶ ይቀየራል። ከጀርባው ስፕሪንግ አለው። ከፍ ያለ የማንሆል ክዳን ሲመታ ጠርዙ ወደ ኋላ ታጥፎ ያልፍና ይመለሳል። ስፕሪንጉ ከደከመ ብሌዱ ለስላሳ መንገድ ላይም እየታጠፈ በረዶ ይተዋል፤ ከጠነከረ ደግሞ ግጭቱ በቀጥታ ወደ ሻንሲው ይመጣል። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት ስፕሪንጉን፣ የሃይድሮሊክ ጎማዎቹንና የጠርዙን ብሎኖች በእጅ ነክተው ይዩ። በእኩለ ሌሊት የፈነዳ የሃይድሮሊክ ጎማ ብሌዱን አስፋልት ላይ ጥሎት ይቀራል፣ መኪናውም እዚያው ነው።

ሹፌሮች የሚሳሳቱባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ። ከሥሩ መንገድ ያለው ድልድይ ላይ በፍጥነት ከገፉ በረዶው አጥሩን ዘልሎ ከታች በሚያልፈው መኪና መስታወት ላይ ያርፋል፤ ቀስ ይበሉ። በባቡር ሐዲድ መሻገሪያ ብሌዱን ከፍ ያድርጉ። ደረቅ በረዶ ሲሆን የራስዎ ብሌድ የሚያስነሳው ብናኝ ዓይን ይጋርዳል፤ እንደ አዳማ ነፋስ አቧራ ነው፣ ግን ነጭ። ጨው ከተበተነ በኋላ ደግሞ ወዲያው አይጥረጉ፤ ሥራውን ሳይሠራ ወደ ዳር ይጣላል። ሥራ ሲያበቃ የቀረውን ጨው ከሣጥኑ አራግፉ፤ ካደረ ጠጥሮ መበተኛውን ያንቃል።

በፈጣን መንገድ ብቻዎን አይሠሩም። ከአዲስ አበባ አዳማ ያለውን የክፍያ መንገድ ያስቡ፣ በአንድ አቅጣጫ ሦስት መስመር። እዚያ ቢሆን ሦስት ጠራጊዎች ደረጃ ሠርተው፣ አንዱ ከሌላው ቀኝ ኋላ እየተከተሉ ይሄዳሉ። የግራው የገፋውን መሀለኛው ይቀበላል፣ የመሀለኛውን የቀኙ፣ የቀኙም ከመንገድ ያወጣዋል። በመሀላቸው ሊያልፍ የሚሞክር የቤት መኪና ሁልጊዜ ይኖራል።

«እህቴ ካናዳ ናት። በሯን ጠርጋ ጨርሳ ሻይ ልትጠጣ ስትገባ የመንግሥት መኪና መጥቶ መልሶ ይደፍንባታል። ሆን ብለው ነው?» ከአዳማ

አይደለም። ብሌዱ የያዘው በረዶ ክፍት ቦታ ባገኘበት ይፈሳል፤ የእህትዎ በር ደግሞ አሁን የተከፈተ ቦታ ነው። መፍትሔው በረዶው የሚራገፍበት ባዶ ቦታ መሥራት ነው። ወደ መንገዱ ፊቷን አዙራ ስትቆም ከበሯ መግቢያ በስተግራ፣ ጠርዙ ላይ፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ገደማ የሆነ ቦታ ባዶ ታድርግ። መኪናው ከግራ ስለሚመጣ ሸክሙን እዚያ ባዶ ቦታ ያራግፍና በሩን በቀላሉ ያልፋል። ከራሷ በር የምታወጣውን በረዶ ደግሞ በስተቀኝ ትከምር፤ በስተግራ ከከመረችው ያው መልሶ ይመጣባታል። መንገድ ላይ መጣል ግን በብዙ ከተሞች ያስቀጣል።

አካፋውን ትግፋው እንጂ ሞልታ አታንሳው። እርጥብ በረዶ ከባድ ነው፣ የልብ ሕመም ያለበት ሰው በየክረምቱ በዚህ ይወድቃል። የእግረኛውን መንገድ መጥረግ በብዙ ቦታ የነዋሪው ግዴታ ነው። ለምሳሌ ሚኒያፖሊስ ላይ በረዶው ካቆመ በኋላ ለመኖሪያ ቤት 24 ሰዓት፣ ለንግድ ቤት ደግሞ የቀን ብርሃን 4 ሰዓት ብቻ ይሰጣል።

«የሶደሬ ዓይነት ፍል ውሃ ያለው አገር በረዶውን በእሱ ቢያቀልጠው አይሻልም?» ከአዳማ

የሚያደርጉት አሉ። የአይስላንድ ዋና ከተማ ሬይኪያቪክ ውስጥ ቤት አሙቆ የጨረሰው፣ 35 ዲግሪ ገደማ የቀረው ፍል ውሃ በእግረኛ መንገድ ሥር በተቀበረ ቧንቧ ይዞራል። የጃፓኗ ናጋኦካ ደግሞ ከ1961 ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) የጉድጓድ ውሃ በመንገዱ መሀል ከተደረደሩ ትናንሽ ቀዳዳዎች ትረጫለች። ፍል ውሃ እንኳ አይደለም፤ የከርሰ ምድር ውሃ በክረምትም ለብ ያለ ስለሆነ ይበቃል። ችግሩ ብዙ ውሃ ከመሬት ሥር ሲወጣ መሬቱ መስመጥ መጀመሩ ነው። ብርዱ የባሰበት ከተማ ላይ ደግሞ የተረጨው ውሃ ራሱ ይረጋል።

«ይህን ሁሉ ስለ ፈረንጅ በረዶ ከምታስረዱን የእኛን ጎርፍ ብታስረዱን አይሻልም? በየዓመቱ ቱቦ ይጠረጋል፣ በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ውሃ ቤታችን ይገባል።» የሰፈር ሽማግሌ፣ አዳማ

አባታችን፣ ልክ ነዎት፤ ነገሩ ደግሞ ከበረዶው ጋር አንድ ነው። አንድ የካናዳ ምሳሌ ብቻ ይፍቀዱልንና እንመለሳለን። ሞንትሪያል በረዶውን ዳር ገፍታ አትተወውም። ዳር የተተወ በረዶ ቀን ይቀልጣል፣ ወደ መንገድ ይፈሳል፣ ማታ መልሶ ይረጋል። ስለዚህ ማሽን እየነፋ በገልባጭ ይጭነዋል፣ ገልባጮቹም ወደ ቀድሞ የድንጋይ ካባ ወስደው ይደፉታል። ፍራንኮን የሚባለው ካባ ውስጥ (ስሙ ከእናንተው ፍራንኮ ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው) የተከመረው በረዶ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ለወራት ሳይቀልጥ ይቆያል።

አሁን ቱቦ ሲጠረግ ያለውን ይመልከቱ። ክዳኑ ይነሳል፣ ደለሉ በአካፋ ይወጣል፣ እዚያው ጠርዝ ላይ ይከመራል። ገልባጩ ነገ ይመጣል ይባላል። ሳይመጣ ዝናብ ይቀድመዋል፣ ደለሉም ተመልሶ ወደ ወጣበት ይገባል። የተከፈለው የጉልበት ዋጋ የአንድ ሌሊት ዝናብ አይችልም። ስለዚህ ኮሚቴ ካላችሁ የምትጠይቁት አንድ ነገር ይሁን፤ ገልባጭ ያልቆመበት ቦታ አካፋ አይነሳ። በዕለቱ የሚጫነውን ያህል ብቻ ይውጣ።

አዳማ በኮረብታ ስለተከበበች ጎርፉ ከላይ ደለል ይዞ ነው የሚገባው፣ ቱቦውም ቶሎ ይሞላል። 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ 30 ሳንቲ ሜትር ደለል ከተኛበት ግማሹ ቀረ ማለት አይደለም። ውሃው ከግድግዳና ከወለል ጋር የሚፋተገው ለመጠኑ ስለሚበዛ፣ የሚያሳልፈው ከሙሉው 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ጠረጋው የሚጀመረው ከታች፣ ውሃው ከሚወጣበት ጫፍ ነው። ከላይ ከተጀመረ የላይኛው ውሃ ፈጥኖ ይመጣና በታችኛው መዘጊያ ላይ ይገነፍላል፤ ቤታቸው ውሃ የሚገባባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ከተጠረገው ቱቦ ታች ያሉት ናቸው። ቀጥሎ የሚታየው የየግቢው መግቢያ ድልድይ ነው። ባለ ቤቱ መኪና ለማስገባት ቱቦው ላይ ሲሚንቶ ሲያፈስ ከሥሩ 30 ሳንቲ ሜትር ቧንቧ ይቀብራል፤ የመንገዱ ሁሉ ውሃ በዚያች ቀዳዳ እንዲያልፍ ይጠበቃል። አንድ የሃይላንድ ላስቲክና ሁለት ፌስታል ይደፍኗታል። እንዲህ ያለውን አፍርሶ በሚነሳ ክዳን መተካት ከመቶ ሜትር ጠረጋ ይበልጣል።

በቤትዎም ጣሪያውን ያስቡ። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 2,000 ሊትር ነው፣ አሥር በርሜል። ከዝናቡ ጋር ጠጠር በረዶ ከመጣ አሸንዳውን ይሞላና መውረጃውን ይደፍነዋል፣ ውሃውም ወደ ኮርኒስ ይዞራል። አሸንዳው በየሜትሩ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ያዘቅዝቅ፣ መውረጃ ቧንቧውም ከአንድ ይልቅ በሁለቱ ጫፍ ይሁን። ግንቦት ሳያልቅ አንድ ባልዲ ውሃ ከላይኛው ጫፍ አፍስሰው ይፈትሹት፤ የቆመበት ቦታ ካለ ማንጠልጠያው እዚያ ላይ ወርዷል።